የቆየ የፑል ዱላ እንዴት ይታደሳል? ምን ይጠገናል? ምንስ ሳይነካ ይቆያል?



በየቤታችን፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ከአልጋ ሥር፣ ገበያ ቢወጣ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የማያወጣ፣ ነገር ግን «ጣሉት» ብንባል እሺ የማንለው አንድ ዕቃ አይጠፋም። በአንዱ ቤት የአያት ከዘራ ይሆናል፤ በሌላው ክሩ የተበጠሰ ክራር፤ በሌላው ደግሞ ጆሮው የተሰበረ ጀበና። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ መካከል ስለ አንዱ፣ አባት ወይም አጎት በወጣትነቱ ስለተጫወተበት የፑል ዱላ ይናገራል። ዱላው ሲያረጅ ምን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚታደስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲታደስ ምኑ መነካት እንደሌለበት ደረጃ በደረጃ እናያለን።

«ስለ ፑል በትምህርት ቤት መጽሔት?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ስጋቱ እውነት ነው። በአገር ቤትም ሆነ በስደት ከትምህርት እየተቀረ የሚዋልባቸው፣ ገንዘብ እየተያዘ የሚጫወቱባቸው ፑል ቤቶች አሉ። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ፑል ቤቱ ሳይሆን ስለ እንጨቱ ነው። በዚህ ዱላ ላይ የሚገኘው ትምህርት ለከዘራውም፣ ለክራሩም፣ ለአያት ወንበርም ያገለግላል።

ዱላው ከምን ከምን ተሠራ?

አንድ የፑል ዱላ አብዛኛውን ጊዜ 147 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ510 እስከ 600 ግራም የሚደርስ ክብደት አለው። ሲያዩት አንድ እንጨት ይመስላል እንጂ የብዙ ክፍሎች ድምር ነው። ከቀጭኑ ጫፍ ጀምረን እንቁጠር።

የመጀመሪያው ኳሱን የሚነካው ጫፍ ቆዳ ነው። ስፋቱ በፑል ዱላ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በስኑከር ዱላ ደግሞ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ከቆዳው ሥር ያለው ቀለበት ነው። በፑል ዱላ ብዙውን ጊዜ ነጭ ፕላስቲክ፣ በስኑከር ዱላ ደግሞ ነሐስ ነው፤ ሥራውም የእንጨቱ አፍ ኳስ በመታ ቁጥር እንዳይሰነጠቅ አጥብቆ መያዝ ነው። ሦስተኛው በጣታችን መካከል የሚመላለሰው ቀጭኑ ዘንግ ነው። ይህ ክፍል በፑል ዱላ በአብዛኛው ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት፣ በስኑከር ዱላ ደግሞ አሽ ከሚባል እንጨት ይሠራል። አራተኛው ለሁለት በሚፈታ ዱላ ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው፤ ውስጡ ብሎን አለው። አምስተኛው ወፍራሙ እጀታ ሲሆን፣ በአንዳንዱ ላይ ላብ እንዲመጥ የበፍታ ክር ወይም ቆዳ ይጠመጠምበታል። የመጨረሻው ከታች ያለው ጎማ ነው፤ ዱላው መሬት ሲነካ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ጫፍ ቆዳው ነው፤ ጨዋታውን የለወጠው ግን እሱ ነው። ጫፉን በቆዳ መሸፈን የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ፈጠራው ብዙ ጊዜ ፍራንሷ ማንጎ ለተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ይሰጣል። ከዚያ በፊት ባዶው የእንጨት አፍ ኳሱ ላይ ይንሸራተት ነበር። ቆዳው ግን ኳሱን ለቅጽበት ያዝ አድርጎ ስለሚለቅ፣ ተጫዋቹ ኳሱን እንደፈለገ ማሽከርከር ቻለ።

በቆዳው ላይ የሚቀባው ሰማያዊ ጠመኔም ስሙ ጠመኔ ይሁን እንጂ መምህር በሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስ የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት ድብልቅ ነው። በውስጡ እንደ አሸዋ ያለ የሚፈጭ ጠንካራ ዱቄት አለው። ይህን ማወቅ ለእድሳትም ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ወደ ጽዳቱ ስንደርስ እናያለን።

ካርቱምና የቢሊያርድ ዕቃዎች

ይህ ጨዋታ ከምንኖርበት ከተማ ጋር ብዙ ሰው የማያስበው ዝምድና አለው። ካርቱም የተመሠረተችው በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ነው። ከ1839 እስከ 1842 በነጭ ዓባይ ሽቅብ ሦስት የመንግሥት ጉዞዎች ከተደረጉ በኋላ ወንዙ ለነጋዴዎች ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የካርቱም ነጋዴዎች ጀልባዎቻቸውን ወደ ደቡብ እየላኩ የዝሆን ጥርስ ያስመጡ ጀመር። በአውሮፓና በአሜሪካ የዝሆን ጥርስ ለፒያኖ ቁልፍ፣ ለቢላ እጀታና ለቢሊያርድ ኳስ በብዛት ይፈለግ ነበር። የአንዳንድ ጥሩ ዱላዎች ቀለበትም ከዚሁ ጥርስ ይሠራ ነበር። ንግዱ ዝሆኑን ብቻ አልጎዳም። ከባሪያ ንግድ ጋር የተቆራኘ ስለነበር በደቡብ ለሚኖረው ሕዝብ ከባድ መከራ አመጣ።

በ1860ዎቹ አንድ የአሜሪካ የቢሊያርድ ዕቃ አምራች የዝሆን ጥርስን ለሚተካ ነገር 10,000 ዶላር እሸልማለሁ ብሎ አስነገረ። ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊም ይህንኑ ሲፈልግ ሴሉሎይድ የተባለውን፣ ከመጀመሪያዎቹ ፕላስቲኮች አንዱን፣ ለገበያ አበቃ። ዛሬ በዱላው ጫፍ ላይ የምናየው ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት የዚያ ፍለጋ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ታሪክ አንድ ተግባራዊ ምክርም አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 አገሮች የዝሆን ጥርስን ዓለም አቀፍ ንግድ ለማገድ ተስማምተዋል። ስለዚህ በጣም አሮጌ ዱላ ያለው ሰው ቀለበቱ ጥርስ መሆኑን ከተጠራጠረ፣ ድንበር ከማሻገሩ ወይም ከመሸጡ በፊት የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅ አለበት።

በእጀታው በኩል ደግሞ ዞጲ የሚባለውን ጥቁር እንጨት እናገኛለን። በኦምዱርማን ገበያ ከዚህ ከባድ ጥቁር እንጨት የተሠሩ ከዘራዎችንና ቅርጻ ቅርጾችን ያላየ የለም፤ ሱዳኖች አበኑስ ይሉታል። ክብደቱና ጥንካሬው ለዱላ እጀታ ተፈላጊ አድርጎታል። ከእጀታው ላይ ቁራጭ የጎደለበት ዱላ ያለው ሰው ተመሳሳይ እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም።

ከመንካት በፊት

የብዙ ሰው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሮጌ ዕቃ ሲያገኝ ወዲያው የብርጭቆ ወረቀት (የካርቱም ባለ ሱቆች ሰንፈራ የሚሉትን) ይዞ መፋቅ ይጀምራል። የተፋቀ እንጨት ግን አይመለስም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ እርሳስና ደብተር ነው።

የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየምን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እዚያ ከሚታወቁት ሀብቶች መካከል ከፋራስ ካቴድራል የመጡት የኑቢያ ክርስቲያኖች የግድግዳ ሥዕሎች ይገኙ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአስዋን ግድብ ውኃ ቦታውን ከመዋጡ በፊት የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ከ120 በላይ ሥዕሎችን ከግድግዳው ላይ ላጥ አድርገው አወጡ። ከፊሉ ካርቱም ቀረ፤ ከፊሉ ወደ ዋርሶ ሄደ። የዕድሳት ባለሙያዎች በእንዲህ ያለ ሥራ የሚከተሉት ደንብ አለ። ያለውን እንዳይጠፋ ያጸኑታል፤ የጠፋውን ግን እንዳልጠፋ አስመስለው ከራሳቸው አይፈጥሩም። የሚጨምሩት ነገር ቢኖር ነገ ሌላ ባለሙያ ዋናውን ሳይጎዳ ሊያነሣው የሚችል እንዲሆን ይጥራሉ። ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠራው ይህ ደንብ ለአባት ዱላም ይሠራል።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ውስጥ የሆነውን እዚህ ላይ ልጥቀስ። የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ የሟች አባቱን ዱላ አድሶ እናቱን ሊያስደስት አሰበ። ሰንፈራ ገዝቶ፣ ጋዜጣ አንጥፎ ሊጀምር ሲል እናቱ ደረሱ።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?»

«አዲስ ላስመስለው ነው እማዬ። ይኸው እዚህ ጋ ጠቁሯል። መጋጠሚያውም ጠማማ ነው፤ አስቆርጬ በሌላ አስቀይረዋለሁ።»

እናት ዱላውን ተቀብለው በእጃቸው አገላበጡት። «ይኼ የጠቆረው ቆሻሻ መስሎህ ነው? የአባትህ እጅ የሚያርፍበት ቦታ እኮ ነው። መጋጠሚያውም ድሮ አልነበረም። አባትህ ይህን ዱላ ከጎንደር ይዞት ሲወጣ አንድ ወጥ እንጨት ነበር። መተማን አልፎ ገዳሪፍ ሲደርስ በመኪና ላይ አላስጭን አሉት። ጥሎት እንዳይመጣ አልሆነለትም፤ አንድ ብረት ሠሪ ለሁለት ቆርጦ ብሎን ከተተለት። ጠማማ የሆነው ለዚያ ነው።»

ልጁ የብልሽት ምልክት ያደረገው ነገር የአባቱ የጉዞ ታሪክ ነበር። እሳቸው በዚያች ሰዓት ባይደርሱ ሁለቱም፣ ጥቁሩ ቦታና ጠማማው መጋጠሚያ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፉ ነበር። በኋላ እናትና ልጅ ተቀምጠው በደብተር ላይ ሦስት ዝርዝር አወጡ። «የሚጠገን» በሚለው ሥር ያለቀው ጫፍ ቆዳ፣ የላላው ብሎንና የጠፋው የታች ጎማ ገቡ። «የሚጸዳ» በሚለው ሥር አቧራው፣ የጠመኔው ሰማያዊ እድፍና የተጣበቀው ቅባት ገቡ። «የማይነካ» በሚለው ሥር የእጁ ጥቁር ቦታ፣ ጠማማው መጋጠሚያና በእጀታው ላይ በምስማር ጫፍ የተጫረች አንዲት ፊደል ገቡ።

ማንኛችሁም ዕቃ ከማደሳችሁ በፊት ይህን ሦስት ዝርዝር አዘጋጁ። ዝርዝሩን ብቻችሁን አታውጡ፤ ዕቃውን የሚያውቀውን ታላቅ ሰው ጠይቁ። ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡት፤ የነገሯችሁንም በቀኑ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚሰነዘረው።

ጽዳት

መጀመሪያ በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ አስቀድሞ መጠቀም አይገባም፤ የጠመኔው ዱቄትና የሃቡብ አቧራ በውኃ ጭቃ ሆነው ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ሲታሹም ይጭራሉ። ደረቁ ካለቀ በኋላ ጨርቁን በጥቂት ሳሙና ውኃ ነክሮ እስኪደርቅ ያህል መጭመቅ፣ ቶሎ ቶሎ መጥረግ፣ ወዲያውም በሌላ ደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ዱላውን ውኃ ውስጥ መንከር ወይም ቧንቧ ሥር ማጠብ ፈጽሞ አይደረግም።

በቀጭኑ ዘንግ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ፣ ጭረት ነው ወይስ ምት ብላችሁ ለዩ። ጭረት ማለት የእንጨቱ ክሮች ተቆርጠዋል ማለት ነው፤ ያ አይመለስም። ምት ከሆነ ግን ክሮቹ ተጨፍልቀዋል እንጂ አልተቆረጡም፤ ውኃና ሙቀት ሲያገኙ አብጠው ይነሣሉ። በጎድጓዳው ላይ ብቻ እርጥብ ጥጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ፣ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ የሞቀ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሴኮንድ ማስነካት ነው። እንጨቱ ከደረቀ በኋላ ካልተስተካከለ አንድ ጊዜ ይደገማል። ይህ ለባዶው ዘንግ ብቻ ነው። ቫርኒሽ በተቀባው እጀታ ላይ ካውያ ቢያርፍበት ቀለሙ ነጭ ይሆናል ወይም ይፈነቀላል።

ሰንፈራ የግድ ካስፈለገ ከቁጥር 600 የሻከረ አይሁን፤ በ1000 ከዚያም በ2000 ይለስልስ። የሚታሸውም በዘንጉ ርዝመት እንጂ በዙሪያው አይደለም። በእያንዳንዱ መታሸት ዘንጉ በጥቂቱ እየቀጠነ እንደሚሄድ አትርሱ። በየዓመቱ የሚፋቅ ዱላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ዱላ አይደለም።

ጫፍ ቆዳውን መቀየር

ቆዳ ያልቃል። ማለቁም ነውር አይደለም፤ የጫማ ሶል እንደሚቀየር ይቀየራል። ጊዜው የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው ቆዳው ወደ ቀለበቱ ሲጠጋ፣ ጠርዙ ሲላቀቅ፣ ወይም ደድሮ ጠመኔ አልይዝ ሲል ነው። ምላጭ የሚነካበት ሥራ ስለሆነ ተማሪዎች ከአዋቂ ጋር ሆናችሁ ብቻ ሥሩት።

አሮጌው ቆዳ በስለታም ምላጭ ከቀለበቱ በላይ ይቆረጣል። ምላጩ ሁልጊዜ ከእጅ ወደ ውጭ ይሂድ። በቀለበቱ አፍ ላይ የቀረው ኮላ እስኪጠራ ድረስ ሰንፈራን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርጎ ማስተካከል ያስፈልጋል። አፉ ፍጹም ጠፍጣፋ ካልሆነ አዲሱ ቆዳ አይቆይም፤ በዚህ ደረጃ ቸኩሎ የሠራ ሰው በሳምንቱ ይደግመዋል። የአዲሱ ቆዳ ጀርባም በትንሹ ይሻከር። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጎ፣ መሐሉን አስተካክሎ፣ አጥብቆ መያዝና በቂ ጊዜ ሰጥቶ ማድረቅ ነው። ኮላ ሲበዛ የሚጠነክር የሚመስለው ብዙ ነው፤ የበዛው ግን በጎን ወጥቶ ያበላሻል።

አዲሱ ቆዳ ከቀለበቱ ትንሽ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከደረቀ በኋላ ዱላውን ገልብጦ ቆዳውን በጣውላ ላይ መጫን፣ ትርፉንም ዙሪያውን በምላጭ መከርከም ነው። ቀለበቱ እንዳይጫር በፕላስተር ይሸፈን። የቆዳው ጎን በጥቂቱ ረጥቦ በቁራጭ ቆዳ ቢታሽ ይጠነክራል፤ ከምቱ ብዛት እንደ እንጉዳይ አይንሰራፋም። በመጨረሻ ፊቱ ሞላላ ጉልላት ይደረጋል፤ የጉልላቱ ራዲየስ ከ9 እስከ 10.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በቀላሉ ለማመዛዘን 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሳንቲም ጠርዝ ከጉልላቱ ጋር ጎን ለጎን ይታያል።

ቀለበቱና መጋጠሚያው

ቀለበቱ ከተሰነጠቀ በቤት የሚሠራ አይደለም። አሮጌውን አውልቆ አዲስ ለመግጠም እንጨቱን እያዞረ የሚቀርጽ ቶርኖ ያስፈልጋል፤ በሱዳን መኽረጣ ይሉታል። የቶርኖ ሠራተኛ ፈልጉ። አብዛኛው የሚሠራው ግን የመኪናና የማሽን ብረት ስለሆነ፣ ከእንጨት ጋር የሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስትሰጡትም «አስተካክልልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ለእሱ «ማስተካከል» ሁሉንም አዲስ ማድረግ ሊሆን ይችላል። የሚነካውንና የማይነካውን በደብተራችሁ ላይ እያሳያችሁ ንገሩት፤ ቢቻልም ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ።

የመጋጠሚያ ብሎን ሲላላ ዱላው ሲመታ ጠቅ ጠቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በብሎኑና በእንጨቱ መካከል ያለው ኮላ ሞቶ ነው። ብሎኑ በእጅ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ አሮጌውን ኮላ ጠርጎ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅለው በሚጠነክሩበት ኢፖክሲ ኮላ መልሶ መትከል ነው። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱ ግማሾች ቀጥ ብለው መግጠማቸው ይረጋገጥ። በጉልበት አይዞር፤ አሮጌ እንጨት ድምፅ ሳያሰማ ይሰነጠቃል። ከላይ የጠቀስኩት ልጅም የጠማማውን መጋጠሚያ ብሎን በዚህ መንገድ አጸናው፤ ጠማማነቱን ግን ተወው።

እጀታውን ማሳመር

እጀታው የተቀባው ምን እንደሆነ ሳያውቁ በላዩ ሌላ መቀባት ይጎዳል። ከታች በጎማው አጠገብ በማይታይ ቦታ ላይ አልኮል የነካ ጥጥ አስጠጉ። ቀለሙ ከለሰለሰና ከተጣበቀ ሼላክ የሚባለው አሮጌ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው በራሱ በሼላክ ይታደሳል። ካልተነካ ቫርኒሽ ወይም ሌላ ዘመናዊ ቀለም ነው፤ ጸድቶ በሰም ቢወለወል ይበቃዋል።

ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ላለቀበት እጀታ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው። ለምግብ የምንጠቀምበት ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ግን ቶሎ ይደርቃል። በጨርቅ በስሱ ተቀብቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትርፉ መጠረግ አለበት። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አደጋ አለ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት ይፈጥራል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በእኛ ከተማ ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። ስለዚህ ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይጣል።

ቀጭኑ ዘንግ ቫርኒሽ አይፈልግም፤ በላብ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጥቂት ሰም አሽቶ በጨርቅ ማሞቅ በቂ ነው። በእጀታው ላይ የተጠመጠመው ክር ካልተፈታ በስተቀር አይቀየር። በእጅ የለሰለሰ ክር በ«ማይነካ» ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያውን ቦታ ሊይዝ ይገባዋል።

የጎበጠ ዱላና የካርቱም አየር

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት ይለዋወጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ከደረቀ ይጎብጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ ክረምቷ እርጥብ የሆነ ከተማ ናት። ካርቱም ደግሞ 380 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ፣ ዝናቧም በጥቂት ወራት ብቻ የሚወርድ ናት። ከዚያ ወደዚህ የመጣ እንጨት ከሰው ያላነሰ የአየር ለውጥ ይገጥመዋል።

መጉበጡን ለማወቅ ዱላውን በአንድ ዓይን ጨፍኖ ከእጀታው ወደ ጫፉ አቅንቶ ማየትና በቀስታ ማዞር ነው። ለሁለት የሚፈታ ከሆነ እያንዳንዱ ግማሽ ለብቻው ይታይ፤ አንዳንዴ እንጨቶቹ ቀጥ ያሉ ሆነው ጠማማው መጋጠሚያው ብቻ ነው። በእሳት ወይም በእንፋሎት አቅንቶ ማሰር የሚሞክሩ አሉ፤ እንጨቱ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጎብጣል፣ አለዚያም ይሰነጠቃል። ትንሽ ጉብጠት ለመጫወት አያግድም፤ ለማስታወሻነት ደግሞ ምንም አያጎድልበትም። ቢተው ይሻላል።

መከላከሉ ከማቅናቱ ይቀላል። ዱላውን ግድግዳ ላይ አዘንብሎ ማስደገፍ የራሱ ክብደት እንዲያጎብጠው ማድረግ ነው። ወይ ቀጥ ብሎ ይሰቀል፣ ወይ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ሙሉ በሙሉ ይተኛ። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው። በብዙዎቻችን ቤት ያለው በውኃ የሚሠራው ሙከይፍ የሚነፋው እርጥብ አየር ነው፤ ዱላው ከፊት ለፊቱ አይቀመጥ። የሃቡብ ወራት ሲመጣ በጨርቅ ከረጢት ቢሸፈን ጥሩ ነው። ላስቲክ ግን እርጥበት ስለሚያፍን አይመከርም።

ለተማሪዎችና ለወላጆች

ውድ ተማሪዎች፣ በመጪው የዕረፍት ጊዜ በቤታችሁ ካለ አንድ አሮጌ ዕቃ አጠገብ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስቱን ዝርዝር አውጡ፤ ለማንኛውም ምልክት «ይህ ከምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታገኙት መልስ አንዳንዴ ከዕቃው ይልቅ ይረዝማል።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችን እዚህ ተወልደው ወይም በሕፃንነታቸው መጥተው ያደጉ ናቸው። እኛ የምናውቀውን መንገድና ሰፈር አያውቁትም፤ የእኛን ዕቃ ግን በየቀኑ ያዩታል። ጥቁሩ ቦታ ከማን እጅ እንደሆነ ካልነገርናቸው ቆሻሻ መስሏቸው ቢፋቁት ጥፋቱ የእነርሱ አይሆንም። ለመንገር ደግሞ የተለየ ቀን አያስፈልግም፤ ልጁ ሰንፈራ፣ እናንተ ጨርቅ ይዛችሁ አብራችሁ ስትሠሩ ወሬው በራሱ ይመጣል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ለሁላችሁም።